የወይራ ሽብልቅ

ቢቸና ካለው ወፍጮ ቤቴ ነው ፖሊሶች የወሰዱኝ። ጤፍ እየፈጨሁ ስለነበር እስከ ሽፋሽፍቴ ዱቄት ለብሼ ሞጣ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ።

"ለጫካ ሰዎች ፈጭተሻል" አሉኝ።

"እህል ሲመጣልኝ በተራው እፈጫለሁ። ማን እንደሚበላው ጠይቄ አላውቅም" አልኳቸው።

የሴቶቹ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል። ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው የግቢው ሞተር ተበላሽቶ ሰንብቷል። ለሁላችንም በቀን የሚገባው አንድ ጀሪካን ነው። በመካከላችን ያለች አራስ ጡቷ ደርቆ ልጇ ሲያለቅስ ይውላል።

አንድ ጠዋት አዛዡ በሩን አስከፈተ።

"ሞተር ታውቂያለሽ አሉ።"

"ባሌ ከሞተ ወዲህ የወፍጮዬን ሞተር የምፈታው እኔ ነኝ።"

"ነይ ሥሪልን።"

"እሠራለሁ። ውሃው ሲወጣ ግን መጀመሪያ ለዚህ ክፍል ነው።"

"እሺ፣ ቃሌ ነው።"

ከፖሊሶቹ ጋር የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን አነሣነው። ከሥሩ ትንፋሽ እንዳያመልጥ የሚይዘው አሮጌ ጋስኬት ተቃጥሎ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። አንድ ፖሊስ በካቻቢቴ ሊፍቀው ሲያጎነብስ እጁን መታሁት።

"እማማ፣ እስረኛ ፖሊስ ይመታል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ብረቱን ከጫርከው ያስመጣችሁት አዲሱ ጋስኬትም አይዝም። በጭረቱ ትንፋሹ ያመልጣል።"

ቆሻሻ እንዳይገባበት ሲሊንደሩን በጨርቅ ደፈንኩ። ጋስኬቱን በነጭ ጋዝ አርሼ፣ እስኪላላ ድረስ ከማገዶው ክምር ያነሣሁትን የወይራ ስንጣሪ ሽብልቅ እንዲሆን በድንጋይ እሞርድ ጀመር። አዛዡ ወንበር አስመጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እስከዚያው እንጫወት። ዱቄቱን ማን ወሰደው?"

"ያስፈጨው።"

"ስሙን ነው የምልሽ። ከነገርሽኝ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

"ጥላህ እየከለለኝ ነው፤ ፈቀቅ በልልኝ።"

ሽብልቋን አስተኝቼ በቀስታ ገፋኋት። ጋስኬቱ እየተላጠ መጣ። በመጨረሻ ብረቱ ላይ ጥፍሬን አንሸራተትኩ፤ የትም አልያዘኝም። አዲሱን አኑረን ቴስታታውን መልሰን አሰርነው።

ሞተሩ ተነሣ። ውሃው ሲመጣ አዛዡ ቱቦውን ወደ መኪናው አስዞረና ጭቃው ይታጠብ አለ። እኔም የሞተሩን ማጥፊያ ሳብኩት። ግቢው ጸጥ አለ።

"ምን ሆነሻል?"

"ተራ አለ።"

"አሳስርሻለሁ!"

"ታስሬ የለም እንዴ?"

ያ የመታሁት ፖሊስ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ቱቦውን አንሥቶ እስከ ሴቶቹ በር ጎተተው። አዛዡ ወደ ቢሮው ገባ። ሞተሩን መልሼ አስነሣሁ። አራሷ በጣሳ ስትጠጣ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ጉሮሮዋ የሚሰማኝ መሰለኝ።

ቆይተው ያለ ክስ ለቀቁኝ። ሽብልቋን በመቀነቴ ይዣት ወጣሁ፤ አሁን ከወፍጮዬ ቋት በላይ ተሰክታለች። በቀደም አንድ ወታደር ጆንያ ተሸክሞ መጥቶ ሰልፉን ሊያልፍ ሲል፣ ቁና እህል ከያዘች ሴት ኋላ አቆምኩት። ተራው ሲደርስ ፈጨሁለት። ስሙን አልጠየቅሁትም።