ነጠላ የለበሰው ሸክላ ማጫወቻ

«እኔ ማጫወቻውን ነክቼውም አላውቅ! መክፈቱንስ መቼ አውቅበትና!» አለች እናቴ።

«ታዲያ በሐዘኑ ዓመት ማን አሞቀው?» አልኳት።

የአባቴ ሸክላ እየዞረ ነበር። ለበዓል ደብረ ማርቆስ በመጣሁ ቁጥር ሸክላዎቹን ከአልጋ ሥር አወጣቸዋለሁ። ማጫወቻው ሲግል የሚሸተኝ አቧራ ነው ነገሩን የሚቀሰቅስብኝ።

አባቴ ሲሞት ገና ፊደል መቁጠሬ ነበር። እናቴ ጥቁር ለበሰች፤ ማጫወቻውንም እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አለበሰችው። «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ በዚህ ቤት ዘፈን አይሰማም» አለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ አለነ እናቴን ሊያጽናኑ መጥተው አብረው ተቀምጠዋል። የማጫወቻው ነጠላ ጥለት እንደ ደህና ቀን ወደ ታች ወርዷል። እጄን ከሥሩ ሰደድኩ።

«ጋሼ፣ ይሞቃል!»

ጋሽ አለነ ሳቁ። «ፀሐይ ገብታበት ነው፣ የኔ ጌታ። የሐዘን ቤት ዕቃ አይነካካም።»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች። መስኮቱ ዝግ ነበር።

«ፀሐይ ነው ብለውህ የለ?» አለች አሁን።

«መስኮቱ ተዘግቶ፣ እማዬ?»

«ግጥም ይጽፋል ስንል እናቱን መመርመር ጀመረ!»

ብድግ አለች። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መርፌውን በሁለት ጣቷ ከሸክላው ላይ ቀለል አድርጋ አነሳችና ማረፊያው ላይ አሳረፈችው። ሸክላው ጭረት እንኳ አላሰማም። እኔ እንዲያ ማንሳት የለመድኩት ስንቱን ሸክላ ቧጥጬ ነው።

እጇን አየሁት። እሷም እንዳየሁት አየች።

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።