የጥንቱ ቦክሰኛ በባሮ አሸዋ ላይ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ዓሣ ማጽዳት ነበር። እሱ ቆሮሶውን በጅራቱ ይዞ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ እኔ ሆዱን ከፍቼ አጥባለሁ። ፀሐይዋ ወደ ባሮ ማዶ ዝቅ ብላለች፤ የግድግዳው ሙቀት ግን ገና አልበረደም። ድንገት ቢላውን አቁሞ ወደ ቦክስ ክርክራችን ተመለሰ።

«ሲስተር» አለኝ። ነርስ ስለሆንኩ ቤት ውስጥም እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «ሰባተኛው ዙር ላይ መላጣው ይደክማል።»

«አይደክምም። ይልቅ ያንተ የጥንቱ ሰባተኛው ዙር ድረስ በምን እግሩ ይቆማል?»

«አሥራ አምስት ዙር የለመደ ሰው ነው እኮ!»

«በብርድ አገር ነዋ የለመደው። መጋቢት ላይ እዚህ ይምጣና እናየዋለን።»

ሳቀ። ጢሙ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። ዓሣውን ጠብሰን በላን፣ ተኛን። በዚያው ሳምንት ወባ ያዘውና ወደ ጭንቅላቱ ወጣ። የሚደረገውን ሁሉ አደረግን፤ አልተረፈም።

ክርክሩ ከብዙ ዓመት በፊት ሲጀመር ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። በየቢሮው በር ላይ አዲስ ታፔላ ተሰቅሏል፤ ውስጥ ግን ወንበር የለም። ባለቤቴ ኢታንግ ከተማ ተወልዶ ያደገ አስተማሪ ነበር። ወደ አዲሱ ትምህርት ቢሮ ሲያዛውሩት የመጀመሪያውን ወር ቆሞ ሠራ ማለት ይቻላል። ከሥራ ሲወጣ ታዲያ ለመቀመጥ ብሎ ነው ቪዲዮ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር መሄድ የጀመረው። እዚያ አግዳሚ ወንበር ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት እንደ እኔ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ከማየት ብዛት የተፋቁ የቦክስ ካሴቶች ነበሩት። ሦስተኛው ጓደኛቸው የመንግሥት መኪና ሾፌር ነው።

ጨዋታቸው እንዲህ ነበር። በአንድ ዘመን ያልኖሩ ሁለት የመካከለኛ ክብደት ቦክሰኞችን ይመርጡና ያጋጥሟቸዋል፤ ማን ያሸንፍ ነበር ብለው ይከራከራሉ። ለምን መካከለኛ ክብደት ብቻ እንደሆነ ባለቤቴን ጠይቄው ነበር። «ከባዶቹ ዝሆን ናቸው፣ ቀላሎቹ ወፍ ናቸው። ሰው መካከለኛው ነው» አለኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሲናገር ያሳጥራል። ግጥሚያው ሁልጊዜ በመጋቢት፣ በእኩለ ቀን፣ ባሮ ሲጎድል በሚወጣው አሸዋ ላይ ነው። ጥላ የለም። በሌላ አገር ያሸነፈ ሁሉ እዚህ ያሸንፋል ማለት አይደለም፤ ክርክሩ የሚከረውም በዚህ ነው።

ባለቤቴ የጥንቱ ወገን ነበር። የጥንቱ የሚሉት በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታየውን ቦክሰኛ ነው። እጁን ዓይን አይከተለውም፤ ቡጢው ሲወርድ እንጂ ሲነሳ አይታይም። ማንጎው ሥር ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የእሱ ፍጥነት ነበር።

አንድ እሑድ እኔም ቪዲዮ ቤቱ ገብቼ አየሁት። ለቡጢው ዓይን ስላልነበረኝ ዙሪያውን ነው ያየሁት። በዙሮቹ መካከል ባልዲ ይዞ የሚገባው ሰውዬ እንደተባረረች ዶሮ ይሮጣል። ተመልካቹም ባርኔጣውን የሚያራግበው እንደ ንብ ክንፍ ነው። ቤት ስንገባ፣ «የሚሮጠው ፊልሙ ነው እንጂ የጥንቱ አይደለም» አልኩት።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ያየችው ሲስተር ናት አላቸው።

ሾፌሩ ብድግ አለ። «ታዲያ ተሸነፍክ በላ!»

«አልተሸነፍኩም። ቀስ ብሎ የሚመታ የባሰ ያማል።»

ከዚያ ወዲህ ማንጎው ሥር ያልተቋጨው ክርክር ሁሉ ወደ ቤት ይመጣ ጀመር። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ምን ትያለሽ?» ይለኛል። እኔ የመላጣውን፣ የአዲሱን ዘመን ቦክሰኛ ወገን ያዝኩ፤ አንድ ሰው መያዝ ስላለበት ነው የያዝኩት። ብዙ ዓመት እንዲህ ስንጣላ ደስ ብሎን ኖርን።

ሲሞት ድንኳን ተተከለ፤ ሾፌሩና የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አብረውኝ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አወሩ። ስለ ቦክስ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ሐዘኑ ካለፈ በኋላም ከክሊኒክ ስመለስ በማንጎው በኩል ሳልፍ ሁለቱም ይነሳሉ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሲስተር» ይሉና እስካልፍ ይጠብቃሉ። ጥቂት ራቅ ስል ክርክሩ ከኋላዬ ይቀጥላል። የሚከፋኝ ያን ጊዜ ነበር። እሱን ሞት ወሰደው፤ ጠባችንን ግን የወሰዱብኝ እነዚህ ደግ ሰዎች ናቸው። ቤት ገብቼ «ምን ትያለሽ?» የሚለኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየጮኸ ነበር። «የጥንቱማ በሦስተኛው ዙር ይዘረራል! አሁን ማን ይከራከርለታል?»

«እኔ» አልኩ።

ሁለቱም ተነሱ።

«ተቀመጡ። በሦስተኛው ዙር እንዴት አድርጎ ነው የሚዘረረው?»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አግዳሚውን በእጅጌው ጠረገልኝ። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲስተር፣ አንቺ እኮ የመላጣው ወገን ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«እንግዲህ… እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሙቀቱ ትንሽ ሊከብደው…»

«እንደ በሽተኛ አታናግረኝ። እሱን እንደዚህ ነበር የምታናግረው?»

ሾፌሩ የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት አየ፤ ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ።

«ካልሽማ እሺ!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «ሰውየው እግር የለውም! እግሩ ሙቀጫ ነው!»

«ሙቀጫ ሲዘረር አይተህ ታውቃለህ?»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጉልበቱን መታ። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቄን ያወቅሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን፤ ማንም አላዘነልኝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከክሊኒክ ስወጣ ማንጎው ሥር ሄጄ እቀመጣለሁ። ለጥንቱ እከራከራለሁ። ብዙ ጊዜ እሸነፋለሁ።