ያላነበብኩት መርዶ

በእድራችን ውስጥ ቂም ይዛ ከቀብር የቀረች ሴት ተብዬ ነው የምታወቀው። ቂም መያዜን አልክድም። ከቀብሩ የቀረሁት ግን በቂም አይደለም። ሁለቱን ለይቶ የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ እጽፈዋለሁ።

የሞተችው ሴት በድሮው ልደታ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል መዝጋቢዎች መጥተው በየበሩ ማን እንደሚኖር ጠየቁ። ወንድሜ ከእኔ ቤት ጀርባ የራሷ በር ያላት ክፍል ነበረችው። ይህቺው ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ እንደቆመች፣ «ከእህቱ ጋር ነው የሚበላው» አለች። በዚያች ቃል ወንድሜ የእኔ ጥገኛ ሆኖ ተጻፈ። የራሱ ምትክ ቤት ሳይደርሰው፣ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ሞተ። እኔ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፤ እሷ ከልጇ ጋር ጀሞ ገባች። ከዚያ ወዲህ እድር ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነበር። ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

ሰፈሩ ቢፈርስም እድሩ አልፈረሰም። ድሮ ሰው ሲሞት ለፋፊው ጥሩምባውን እየነፋ በየበራችን ያልፍ ነበር። የሟቹን ስም ደጋግሞ ስለሚጠራ ተኝቶም የሚያመልጠው ሰው አልነበረም። አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ስንበተን የእድሩ ጸሐፊ መርዶ ሁሉ በቴሌግራም ይሁን አለ። እኔ ብቻ ተቃወምኩ። እሱም በጉባኤው ፊት፣ «ታዲያ ላንቺ ጥሩምባ ነፊ በታክሲ እንላክልሽ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። የሳቁትን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

ስልክ መያዝ አያቅተኝም። ሃያ ስምንት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከጽሕፈት መኪናዬ ላይ አንዲት ፊደል ከቦታዋ ተነስታ አታውቅም። ስልኩ ግን ሳይጠይቀኝ ራሱን አፕዴት ያደርጋል። አንዴ ፊደሉን አሳነሰብኝ። አንዴ ደግሞ ጥሪ ማንሻውን ከመጫን ወደ መጎተት ቀየረብኝና የእህቴ ልጅ ሆን ብላ አላነሳችም ብላ ተቀየመችኝ። በለመድኩት ቁጥር ያፈርሰዋል። እንዲህ አድርገው የሚሠሩት ሰዎች እናት ያላቸው አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ጠዋት ስነሳ ከስክሪኑ ግርጌ የነበሩት ሦስት ምልክቶች ጠፍተዋል። ከገባሁበት ወደ ኋላ የሚመልሱኝ እነሱ ነበሩ። አሁን ወደ ኋላ የሚኬደው ከጠርዙ በጣት በመጥረግ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ከሳምንት በኋላ ነው የተገኘው። ቴሌግራሙም መልኩን ለውጦ እድሩን ከመዝሙሩ ግሩፕና ከኮንዶሚኒየሙ የውሃ ግሩፕ ጋር ደባልቆታል። ሁሉም ላይ ቁጥር ተለጥፏል። ቁጥሮቹን ላጥፋ ብዬ እያንዳንዱን ነካሁ። የእድሩ ሲከፈት የጸሐፊው የተለመደ መግቢያ መጣ፤ «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን» ይላል። ሰውዬው ለወር ስብሰባም ለመርዶም አጻጻፉ አንድ ነው። ስክሪኑን በሰላምታ ይሞላውና ዋናውን ነገር ከታች ያደርገዋል። ስብሰባ መሰለኝ። ልመለስ ብል መመለሻ የለም። ትንሽ ታግዬው ተናደድኩና ስልኩን አጠፋሁት። መጋረጃ ሳጥብ ዋልኩ። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

በማግስቱ ሱቅ በር ላይ ያገኘኋት ሌላ የድሮ ጎረቤት ጥቁር ለብሳለች። «ጨክነሽ ቀረሽ አይደል?» አለችኝ። ከማን እንደቀረሁ ጠየቅኳት። እንደማታምነኝ ፊቷ እየነገረኝ ነገረችኝ።

ለሰልስቱ ጀሞ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሟቿን ልጅ አቅፌ፣ የስልኩ መልክ እንደተለዋወጠብኝና መርዶውን እንዳላየሁ በጆሮዋ ነገርኳት። ጸሐፊው አጠገባችን ተቀምጦ ኖሯል። ስልኩን አወጣና መልእክቱን ጫን ሲያደርገው ያዩት ሰዎች ዝርዝር መጣ።

«ይኸው አንቺ፣ ፎቶሽ ላይ ነጠላሽን እንደለበስሽ» አለ። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አይተሻል።»

ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ አየችው።

«እትዬ፣ አይተውታል እኮ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ላዩን ብቻ ነው ያየሁት ብል በዚያ ድንኳን ውስጥ ማን ይቀበለኛል? ስለዚህ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። በሁዳዴ እናቷ መታመሟን ሰምቼ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ አጥሚት ይዤ መጥቼ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ በሽተኛዋ ናት፣ ግድግዳውን ይዛ። የወንድሜን ነገር አነሳችው። መዝጋቢዎቹ ሲጠይቋት እንዲሁ መልስ መስጠቷን፣ ቃሏም እዚያ ድረስ ይሄዳል ብላ አለማሰቧን ነገረችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም። ጎንበስ ማለት አቅቷት የእግሯ ጥፍር ረዝሞ ነበር። ውሃ አሙቄ እግሯን ነከርኩላት፣ ጥፍሯን ቆረጥኩላት።

ይህን ያህሉን ለልጅቷ ነገርኳት። የቀረውን ዋጥኩት። ስወጣ እናቷ እጄን ይዛ፣ «ልጄ የጠባችን ጥፋት ያንቺ እንደሆነ ነው የምታውቀው። እኔው እነግራታለሁ፣ እስከዚያ ዝም በይልኝ» ብላኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩላት። ልጅቷ እናቷን ከቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ በዚያ ሰዓት ይህን አይነግሯትም።

ልጅቷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጥፍሯን የቆረጠችላት የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት» አለች። «እናቴ ራሷ ናት የነገረችኝ።» ቀጥላም ሳህኑን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋ፣ «ይብሉ እትዬ፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ» አለችኝ።

በላሁ። ጸሐፊው ስልኩን ኪሱ ከተተና ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬውን ቀጠለ። መምጣቴን ለመሸፈን ለልጇ ዋሽታለችና ሟቿን እንደ አዲስ ተቀየምኳት፤ አሁንም እንደተቀየምኳት ነው። ቀብሩ ላይ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ስለ ጥፍርም ስለ ስልክም ማውራት ባላስፈለገኝ ነበር። ልጅቷ ቀና ስትል ከጉድጓዱ ማዶ እናቷን ልቀብር ቆሜ ታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እናቷ የነገረቻትንና ያልነገረቻትን ራሷ ታወጣው ነበር።