የተላገው በር

ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ ጀልባ ግን አውቃለሁ። ሚኒያፖሊስ ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት አንድ የጀልባ ጥገና ቤት ውስጥ ነው፤ ፋይበርግላስ ስሞርድ፣ ስለጥፍ፣ ስቀባ። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጌ የጀልባውን ጤና በድምፁ እለያለሁ። ደህናው ጠንከር ብሎ ይመልሳል፤ ውስጡ የላላው እርጥብ ካርቶን የተመታ ይመስላል።

ልጄ ያገለገለ ካታማራን ሊገዛ ተነሳ። ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ወለል የተያያዙበት ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ከሚስቱ ጋር ሰሜን ባለው ትልቁ ሐይቅ ላይ የሞቃቱን ወራት፣ ሰመሩን ሙሉ፣ ሊኖሩበት አስበዋል። «ጀልባውን የሚፈትሽ ኢንስፔክተር ልቅጠር እንዴ?» ሲል ምራቴ ሳቀችበት።

«ኢንስፔክተሩ ወልደውህ ሌላ ልትቀጥር ነው?» አለችው።

ሻጩ ያገር ሰው ነው። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ሲዋርድ ሰፈር ባለው ቤቴ ሦስት ቀን ወንበር ያመላለሰ፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደልኝ ሰው። ጀልባው ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ቆሟል። ስንደርስ፣ ገና ሳናየው ምሳ አቀረበልን፤ እኔን በእጁ አጎረሰኝ።

ከዚያ ገባሁ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠርዙ በመላጊያ ተልጓል፤ እንጨቱ ገና ነጭ ነው። በር የሚላገው አልዘጋ ሲል ነው። እዚህ ያልዘጋው ደግሞ ጀልባው ስለተጣመመ ነው። ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ጀልባዎች የሚያያይዘውን ተሸካሚ አግዳሚ አየሁ። መጋጠሚያው ላይ ብቻ አዲስ ቀለም። መታሁት፤ የካርቶን ድምፅ። ሲሠራም አጉል ነው የተሠራው፤ የመሃሉ ወለል ለውሃው በጣም ስለቀረበ ማዕበል ከሥር ይደበድበዋል።

ቀና ስል ሻጩ ፊቴ ቆሟል። «እህ ወንድሜ፣ ካንተ ጆሮ የሚያመልጥ የለም መቼም!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ኦኬ ናት አባዬ?» አለ ልጄ።

ለብቻው ጠርቼ ልነግረው እችል ነበር፤ መኪና ውስጥም፣ በማግስቱም። አፈርኩ። በለቅሶዬ የቆመን ሰው አታለልከን ልበለው?

«ደህና ናት» አልኩ።

በገዙት በሦስተኛው ሳምንት ሐይቁ ላይ መጋጠሚያው ተከፈተ። የነፍስ አድን ሠራተኞች ደርሰው አወጧቸው፤ ምራቴ ክንዷ ተሰበረ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ልጄ «አይተኸው ነበር?» አለኝ።

አልዋሸሁም። «አይቻለሁ። ግን ሰውየው በእናትህ ለቅሶ...»

አላስጨረሰኝም። «እኔስ? እኔ ልጅህ አይደለሁም?»

ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳም። ሳምንታት ቆይቶ አንድ እሑድ፣ ሳይደውል፣ ሚስቱን ይዞ መጣ። ሻጩ ግን ቀድሞት ነበር፤ ብርቱካን ይዞ «እንኳን ነፍሳቸው ተረፈች» ሊለኝ መጥቶ ሶፋዬ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሻይ አቅርቤለታለሁ። ልጄ ሰውየውን አየ፣ ሻዩን አየ፣ እኔን አየ። ሚስቱን በደህናው ክንዷ ይዞ ተመለሰ።

ልከተለው ተነሳሁ። እንግዳ ጥዬ መውጣቱ ግን ከበደኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።