ገጀራዎቹ ሲቀላ ናቸው

ከሲቀላ መናኸሪያ ወደ ጫኖ የሚሄድ ሚኒባስ ገብቼ ስቀመጥ እግሬ አንድ ጆንያ መታና ብረት ተንቃጨለ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ሳቁ።

«አትፍራ መምህር፣ ጦርነት አይደለም። የጎረቤት ገጀራ ነው።»

የያዝኩትን የፈተና ወረቀት አይተው መሆን አለበት መምህር ያሉኝ። እሳቸው ወይዘሮ ጌጤ ይባላሉ፤ የጫኖ ሙዝ አምራች ናቸው። ጆንያው ውስጥ የእሳቸውና የአስር ጎረቤቶቻቸው ገጀራ አለ። ሲቀላ አስለው መመለሳቸው ነው።

«ጫኖ የሚስል ጠፍቶ ነው?»

«ሞልቷል! ግን ጫኖ ቅርብ ነው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አምና አንድ ነጋዴ በስልክ ዋጋ ተስማምቶ «ቁረጡ፣ እየመጣሁ ነው» አላቸው። ማልደው ቆረጡ። እሱ አመሻሽ ላይ ደረሰና «ገበያው ወርዷል» አለ። የተቆረጠ ሙዝ መልሰው ግንዱ ላይ አይለጥፉት! በግማሽ ዋጋ ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ክፍያ ሳይገባ አይቆርጡም። ሰው ግን መኪና ደጁ ቆሞ ሲያይ ይጨንቀዋል፤ አንዱ ከቆረጠ ደግሞ ሁሉም ይከተላል። ስለዚህ ነጋዴ በሚመጣበት ቀን ገጀራው ሁሉ ጌጤ ጋ ይገባል፤ ጌጤም ሁሉንም ይዘው ከጫኖ ይወጣሉ።

ስልካቸው ጮኸ። ነጋዴው ይበልጣል ነው፤ ጩኸቱ እኔም ጋ ደረሰ።

«እትዬ ጌጤ፣ ኧረ የት ገባሽ? መኪናው ደጅሽ ቆሟል! አስር ሰዓት ላይ ካልወጣን ለነገ ንጋት አዲስ አበባ አንደርስም፤ ደንበኛዬ ከሌላ ይገዛል!»

«ታክሲው አልሞላም ወንድሜ። ኪሎውን ስንት አልከኝ?»

«ሃያ አምስት!»

«ገና ሁለት ሰው ይቀረናል» አሉና ዘጉት።

እኔ ሞኙ «የሁለቱን ሰው ልክፈልና እንሂድ» ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ዝም በል አንተ!»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ነገሩኝ። የልጃቸው የአቢጋኤል የነርስ ኮሌጅ ምዝገባ ነገ ያበቃል። ሙዙ ዛሬ ካልተሸጠ አቢጋኤል ዘንድሮም ቤት ትውላለች። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ስልክ «እሺ» ብዬ ነበር።

እንደገና ተደወለ።

«ሃያ ስምንት! በቃ!»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ሠላሳ! አንቺ ሴትዮ ልብ የለሽም?»

«ልብም አለኝ፣ ገጀራም አለኝ። ሠላሳ ይሁን፤ ግማሹ አሁን ለአስራ አንዳችንም በስልክ ይግባ።»

ታክሲው ሞልቶ ከከተማ ሳንወጣ ስልካቸው ገንዘቡ መግባቱን አበሰረ። ወዲያው ለአንዷ ጎረቤት ደወሉ፤ የእነሱም ገብቷል። ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ይመስገን» ሲሉ ብቻ ሰማሁ።

ጫኖ ስንደርስ ሴቶቹ አስፋልቱ ዳር እየተሳሳቁ ይጠብቁ ነበር። ጆንያውን በመስኮት እያቀበልኩ «ይበልጣል የምዝገባውን ቀን ቢያውቅስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«እሱ አስር ሰዓት ብሎ በገዛ አፉ ነገረኝ» አሉ ጆንያውን እየተሸከሙ። «የኔን ማን ጠየቀኝ?»