«እችላለሁ» ያልኩበት ገደል

«ትችላለህ?» ስትባሉ፣ እግራችሁን ሳታማክሩ አፋችሁ ቀድሞ «አዎ» ብሎባችሁ ያውቃል? እኔ ላይ ብሎብኛል። ያውም በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ። የሦስተኛው መዘዝ የወደቀው ግን በእኔ ላይ ሳይሆን በእህቴ ባል ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒያፖሊስ ፊሊፕስ ሰፈር ለማስተምራችሁ ወጣቶች ነው። ባለፈው ሳምንት አንዳችሁ «ቲቸር፣ አንተ እውነት ሀንተር ነህ? አትመስልም እኮ!» ብሎ ክፍሉን ሲያስቅ መልስ ያልሰጠሁት ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ነው። አሁን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አዎ፣ አድናለሁ። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ሰሜን ሚኒሶታ እንነዳለን፤ ላይሰንስ አለኝ፣ ብርቱካናማ ሰደርያም አለኝ። የሚኒሶታ አደን ግን የመቀመጥ አደን ነው። ዛፍ ላይ በተሰቀለ ወንበር ቁጭ ብላችሁ እጃችሁን እያሞቃችሁ ትጠብቃላችሁ፤ አጋዘኑ ይመጣል ወይም አይመጣም። አራት ዓመት እንዲህ ቁጭ ብዬ ስለጠበቅሁ ራሴን አዳኝ ብዬ ሰየምኩ። መቀመጥና ተራራ መውጣት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ያወቅሁት ኦስትሪያ ሄጄ ነው።

ታላቅ እህቴ ሰብለ የምትኖረው እዚያ፣ በአልፕስ ተራሮች መሀል ባለች የገጠር መንደር ነው። ባሏ ፍራንዝ የአካባቢውን ደንና አውሬ ይጠብቃል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ዕረፍት ወስጄ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መምህር ነኝና ማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ፤ የሚጎበኘውን ሁሉ መዝግቤ ለእናንተ ላስተምር ብዬ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስጎበኝ ዋልኩ። ወንዙ ዓለቱን ሰንጥቆ የሠራው ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ በተቸነከረ የእንጨት መተላለፊያ እየሄዳችሁ ፏፏቴው ፊታችሁን ያጥበዋል። በአረንጓዴ ሐይቅ ዳር በቆመው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ደግሞ የራስ ቅሎች የተደረደሩባት ትንሽ ክፍል አለች። ግንባራቸው ላይ አበባና የባለቤቱ ስም ተስሏል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱን ስሰማ ግን ገባኝ። የመቃብር ቦታው ጠባብ ስለሆነ የቀደመው ሟች አጥንት ተነስቶ ለአዲሱ ቦታ ይለቀቃል፤ የተነሳውም እንዳይረሳ ስሙ ይጻፍለታል። ከመንደሩ በላይ የጨው መንገድ ይጀምራል። እኛ አገር አሞሌ በግመልና በበቅሎ እንደተጓዘ ሁሉ እዚያም ጨው በጋሪ ተራራ ይሻገር ነበር፤ መንኮራኩሩ ድንጋዩ ላይ የቆፈረው መስመር ዛሬም እጅ ያስገባል። መንገዱ አናት ላይ ሲደርስ የፈረሰ የቀረጥ ግንብ ቆሟል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ፍራንዝ «ነገ ጋምስ ላድን ነው፤ ቦርሳ ተሸክመህ ትመጣለህ?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ጋምስ የሚሉት የተራራ ፍየል የመሰለ አውሬ ነው። የኛን ሰስ ያስታውሳችኋል፤ ግን ከፍ ይላል፣ ቀንዱ አጭርና ወደ ኋላ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፣ ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ጥቁር መስመር ይወርዳል።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ፍራንዝና አባቱ ሽማግሌው አሎይስ። አሎይስ ጉልበታቸው ስለደከመ ግማሽ መንገድ ላይ ባለችው የአዳኞች ጎጆ ቀሩ፤ ቋንቋ ባንግባባም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኙኝ። ከደቡብ ሞቅ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ሲኖር አየሩ ጥርት ይልና ተራራው ሁሉ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትነኩት ይመስላል። ነፋሱ ድንገት ሲቆም ግን ጉምና ብርድ ተከትለው ይወርዳሉ። ይህን ፍራንዝ ነግሮኝ ነበር፤ ጽፌዋለሁም።

ሁለት ሰዓት ያህል ከወጣን በኋላ፣ ከመንገዱ ዳር የተተከለች ሥዕል ያለባት የእንጨት ሰሌዳ ጋ ቆምን። በዚያ አገር ሰው ተራራ ላይ ሲሞት የሞተበት ቦታ ላይ አሟሟቱ ይሳልና ጸሎት ይለመንለታል። በሰሌዳዋ ላይ አንድ ጨው ነጋዴ ከነበቅሎው ወደ ገደል ሲወርድ ይታያል። እኔ ሥዕሉን ደብተሬ ላይ ልገለብጥ ስጠጋ ፍራንዝ አነከስ ማለቴን አየ።

«እግርህ እንዴት ነው?»

ጫማዬ አዲስ ስለነበር ተረከዜ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል። «ደህና ነው» አልኩት።

«ጥሩ» አለና ፍጥነቱን ጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ። እኛ ቤት «ጠገብኩ» የሚልን እንግዳ ማንም አያምነውም። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች፣ ታጎርሳለች፣ ዓይን ዓይኑን ታያለች። እንግዳው የሚለው ሌላ፣ የሚፈልገው ሌላ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እኔም «ደህና ነው» ስል፣ በልቤ ፍራንዝ «አይ፣ ግድ የለም፣ እንረፍ» እንዲለኝ እየጠበቅሁ ነበር። ፍራንዝ ግን የሰማውን አመነ።

ከግንቡ በላይ ዱካ አገኘን። ትናንት የወረደው ስስ በረዶ ላይ ሁለት ጣት ያለው ኮቴ ተራርቆ ተረግጧል፤ አጠገቡ ያለው በጠጥ ገና አልደረቀም። ፍራንዝ በደረቱ ተኝቶ ቦርሳዬን ለጠመንጃው መደገፊያ አደረገው። ከሸለቆው ማዶ አንድ ያረጀ ወንድ ጋምስ ብቻውን ይግጥ ነበር። ተኮሰ። አውሬው ጎበጥ አለ፣ ከዚያም ዘሎ ከዓለቱ ጀርባ ተሰወረ።

ፍራንዝ ተራገመ። «ነፋሱ ጥይቱን ወሰደብኝ። ከትከሻው ወደ ኋላ ነው የመታሁት።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የቆሰለ አውሬ ወዲያው ከተከተሉት ይርቃል፤ ዝም ካሉት ይተኛል። ከዚያ ተሻግረን ደሙን አየን። የሳንባ ደም ቀላና አረፋ ያለው ነው፤ ይህ ግን ጠቆር ያለ የሆድ ደም ነበር። እንዲህ ያለውን አውሬ ጥሎ መሄድ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

«ደም ለመፈለግ አራት ዓይን ይሻላል» አለኝ። «ግን መንገዱ ክፉ ነው። ካልቻልክ እዚህ ጠብቀኝ፤ ምንም ነውር የለውም። ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

የደሙ ጠብታ ወደ ገደሉ መራን። የገደሉን ወገብ ይዛ የምትሄድ አንዲት እርከን አለች፤ ስፋቷ ክንድ ተኩል አይሞላም፣ እርጥብ ሣርና ልል ጠጠር ለብሳለች። ከታች ያለውን ያን ጊዜ አላየሁትም፤ ማየት አልፈለግሁም። ፍራንዝ ዞሮ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀኝ።

«ራስህን ያዞርሃል?»

እያዞረኝ ነበር። «ኧረ በፍጹም!» አልኩት፤ ሳቅሁም ጭምር።

መሀሏ ላይ ስደርስ ግራ እግሬ ቆመ። አልደከመም፣ አልተሰናከለም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ባዘው አልሰማ አለኝ። ዓለቱ ትንሽ ገባ ያለባት ቦታ ነበረች፤ ደረቴን እዚያ ለጥፌ ጣቶቼን ስንጥቅ ውስጥ ከተትኩ።

ፍራንዝ እርከኗ የምትታጠፍበት ቦታ ላይ ደርሷል። ጋምሱ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ እርከኗ የምታልቅበት ጥግ ላይ ተኝቶ አገኘው። ጠመንጃውን አነሳ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልክቶ አየኝ።

«መምህር! ምን ሆንክ? ና እንጂ!»

ከዓለቱ አልተላቀቅሁም። አንዲት ጥይት ቢተኩስ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን የጥይቱ ድምፅ ሲያስደነግጠኝ ከእርከኗ እወድቃለሁ ብሎ ፈራልኝ። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አንግቶ ወደ እኔ ተመለሰ።

አውሬው የተነሳው ያን ጊዜ ነው። ሊዋጋን አልመጣም፤ መውጫው በእኛ በኩል ብቻ ስለሆነ ነው። የኮቴውን ኳኳታ፣ ቀጥሎም ትንፋሹን ሰማሁ። ጎኑ በደም ጨቅይቷል። በዚያ አካባቢ ሰው ከዓለቱ ተለጥፎ አውሬውን የሚያሳልፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ይዤዋለሁ። ፍራንዝ ከውጭ፣ በገደሉ በኩል ቆመ። ክንዶቹን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ዓለቱን ያዘ፤ እኔን ከለለኝ። ጋምሱ ዳሌውን መትቶት አለፈ። የፍራንዝ ክንድ ከትከሻዬ ላይ ሲላቀቅ ተሰማኝ።

«ፍራንዝ!»

እንደገና ጠራሁት።

«ፍራንዝ!»

«አለሁ» አለ ከታች። «አትጩህ፤ አውሬውን ታስበረግጋለህ።»

የሁለት ፎቅ ያህል ወድቆ የጥድ ቁጥቋጦ ይዞታል። ከቁጥቋጦው በታች ምንም የለም።

«እግርህስ?»

«አንዱ አለ። ሌላው በየት በኩል እንደዞረ እየፈለግሁ ነው።» ጭኑ ተሰብሯል።

በአንድ እጄ ታጣፊ ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩ። ኔትወርክ የለም።

«ልውረድ?» አልኩት።

«አትችልም» አለኝ። ያን ቀን ትክክለኛውን መልስ የሰጠው እሱ ነው።

ከዚያ አስተማረኝ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ በየአሥር ሰከንዱ አንዴ፣ መጮህ። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት። ከዚያ እንደገና። በአልፕስ ይህን የሰማ ሁሉ ሰው እንደተቸገረ ያውቃል፤ የሰማም በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ሰዓቴን እያየሁ ጀመርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ የኛው «ኡኡ!» ነበር።

በዝምታው ደቂቃ አንገቴን አዙሬ አየሁ። ለሁለት ቀን ስመዘግብ የዋልኩት ሁሉ ከእግሬ በታች ተዘርግቷል። አረንጓዴው ሐይቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሹል ጣሪያ፣ የጨው መንገድ፣ ግንቡ። ስለ እያንዳንዱ ልነግራችሁ የምችለው ነበረኝ። ለፍራንዝ የሚጠቅመው ግን አንድም አልነበረም። ነፋሱ ቆመ። ጉሙም ከሸለቆው ተነስቶ መጀመሪያ ሐይቁን፣ ከዚያ ጣሪያውን፣ ከዚያ መንገዱን፣ በመጨረሻ ግንቡን ሸፈነ። ፍራንዝም አልታይ አለኝ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ።

እንዳይተኛ ብዬ አዋራው ጀመር። የተራሮቹን ስም ጠየቅሁት። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ መለሰ፤ ከዚያ በመሀሉ ክፍተቱ እየረዘመ መጣ።

«መምህር» አለኝ በኋላ። «ሰሌዳ ላይ ስታስለኝ ጺሜን አሳምረው።»

«ተው፣ እንዲህ አትበል!»

አልመለሰም። ደግሜ ጠራሁት፤ አልመለሰም። አንድ ገመድ ብቻ ቢኖረኝ፣ እግር ብቻ ቢኖረኝ እያልኩ ድንጋዩን በግንባሬ መታሁት። ከእህቴ ባል የሚለየኝ የሁለት ፎቅ ቁመት ነበር፤ ውቅያኖስ ቢሆንም ለውጥ አልነበረውም። ከመጮህ በቀር የማደርገው አልነበረኝም፤ ጮህኩ። ስድስት፣ ዝምታ፣ ስድስት፣ ዝምታ። የሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንስሳ ነበር የምጮኸው።

ስንት ዙር እንደጮህኩ አላውቅም። ከጉሙ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። አንዴ። ቆየ። ሁለቴ። ቆየ። ሦስቴ።

አሎይስ በጎጆው ሬዲዮ መንደሩን ጠሩ። በጉሙ ምክንያት ሄሊኮፕተር መነሳት ስላልቻለ አምስት ሰዎች ገመድና ቃሬዛ ይዘው በእግር ወጡ፤ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ እጅጌው ላይ ዱቄት ነበረበት። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ፍራንዝ እስትንፋሱ አለ፤ ቀድመው እሱን አወጡት። እኔን ዳቦ ጋጋሪው ወገቤ ላይ ገመድ አስሮ ጣቶቼን ከስንጥቁ አንድ በአንድ አላቀቀልኝ። ጋምሱ ከግንቡ አጠገብ ሞቶ ተገኘ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እህቴ ከፊቴ ቆመች።

«ራስህን አዙሮህ ነበር?»

«አዎ።»

«እግርህስ?»

«ቆስሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ቀኑን እንዳላበላሽበት ብዬ... እንግዳ ሆኜ...»

«ይሉኝታህ ባሌን ሊገድልብኝ ነበር እኮ! እኔ እህትህ ነኝ፤ ‹ደህና ነኝ› ስትል ዓይንህን አይቼ አውቅሃለሁ። እሱ ሰው የነገረውን ነው የሚያምነው፤ ምን ያድርግ?»

ፍራንዝ አልተቆጣኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ በደከመ ድምፅ። «‹አልችልም› ብትለኝ ኖሮ ምን የሚሆን መስሎህ ነበር?» አሁን አንድ እግሩን ይጎትታል። ከግንቡ በላይ አይወጣም፤ ጎብኚዎችን በጨው መንገድ ላይ እየመራ ይውላል፤ አውሬ መከታተል ግን ቀርቷል። ስልክ ስደውል ስለዚያ ቀን አያነሳም። እኔም አላነሳም።

ሚኒያፖሊስ ተመልሼ ክፍል ስገባ ያየሁት የእናንተን ራስ ነው። «ገባችሁ?» ስል ሃያ ራስ ይነቀነቃል፤ ደብተራችሁን ሳይ ደግሞ ግማሹ ባዶ ነው። ቀድሞ እናደድ ነበር። አሁን እፈራለሁ። ነገ እዚህ አጠገባችን ፕሊማውዝ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ አለቃችሁ «ይህን ማሽን ታውቃለህ?» ሲላችሁ፣ ወይም ሐኪም «አሁንም ያምሻል?» ስትላችሁ፣ ዓይናችሁን የሚያነብ እህት አጠገባችሁ አይኖርም። የነገራችኋቸውን ያምናሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት አንዴ ብቻ፣ «ትችላለህ?» ወይም «ትችያለሽ?» ስትባሉ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ትንፋሽ ወስዳችሁ እግራችሁን ጠይቁት። እግራችሁ «አይ» ካለ፣ ቃሉን ጮክ ብላችሁ አውጡት። ያሳፍራል፤ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ገና እየተለማመድኩ ነው። ሌላ ሰው ፊት ከከበዳችሁ ቅዳሜ በእኔ ላይ ጀምሩ። «ገባችሁ?» እላችኋለሁ። ካልገባችሁ «አልገባንም» በሉኝ።