ለእትዬ የሺ መድረስ ያልነበረበት መልእክት

ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሚንግ የምትማረው የወንድሜ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «አንቺ ጋ ወርክ ያደርጋል፣ እኔ ማክ ላይ ግን ኤረር ነው። የማይረባ ስክሪፕት!» ብላ ተነጫነጨች።

ስክሪኑን ገና ሳየው አወቅሁት። ፋይል ውስጥ ያለን ቃል በሌላ የምትተካ ሴድ የምትባል ትእዛዝ አለች። ሊነክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ፋይሉን እዚያው አርሚ ሲሏት ታርማለች። ማክ ላይ ግን አመለኛ ናት፤ የመጠባበቂያ ቅጂው ስም መጨረሻ ላይ የሚቀጠለውን አስቀድመው ካልነገሯት ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ታምታታና ፋይሉን ሳትነካ ትተወዋለች። ይህን ለልጅቱ ነገርኳት፤ ቀሪውን ዋጥኩት።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ እዚህ ባሕር ማዶ ላለው ዕድራችን አባላት የስልክ መልእክት የሚልክ ስክሪፕት፣ አጭር ፕሮግራም፣ ጽፌ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሌላው ቀድሞ ሰምቶ አፉን ይይዝና ማለዳ ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚነግረው። ስለዚህ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ከአባላቱ ዝርዝር ፋይል ላይ የሐዘንተኛውን ቁጥር በባዶ ይተካል፤ ከዚያ ለቀሩት ይልካል። እኔ ኮምፒውተር ላይ፣ ሊነክስ ስለሆነ፣ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

የእትዬ የሺ እናት አገር ቤት ያረፉ ዕለት ግን ዉድበሪ የሚባል ሰፈር ሥራ ላይ ነበርኩ። ጥር ነው፤ መንገዱ በረዶና ጨው ተቀላቅሎበት ቡላ መስሏል። የዕድሩ ጸሐፊ ዳዊት ስክሪፕቱን በራሱ ማክ አስነሣው። አመሻሹ ላይ ደወለልኝ።

«ስሚ፣ አንድ ኤረር ብሎኛል። ግን ሴንድ አድርጓል።»

«ኤረሩ ምን ይላል?»

ሲያነብልኝ ገባኝ። የእትዬ የሺ ቁጥር ከዝርዝሩ አልወጣም፤ ስክሪፕቱም ስሕተት ሲያገኝ ቁም ስላልተባለ ወደ መላኩ አልፏል። መልእክቱ «የእኅታችን የሺ እናት አርፈዋል። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤቷ እንገናኝ። እስከዚያ እንዳትሰማ አደራ» ይላል።

ብንደውልላት ያው በስልክ ማርዳት ነው። ለሰብሳቢያችን ለጋሼ መኮንን ደወልኩና አሁኑኑ እንሂድ አልኳቸው።

«ልጄ፣ መርዶ በማታ አይነገርም። ደግሞ ማለዳ ሥራ ገቢ ናት፤ ሳታየው ተኝታ ይሆናል። በሰዓቱ እንሄዳለን።»

የተላከ መልእክት አይመለስ። ስልኬን ይዤ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ማለዳ ኒው ሆፕ ካለው አፓርታማዋ ደርሰን በረዶውን ከጫማችን አራገፍን። እትዬ የሺ ለብሳ ነበር፤ «ግቡ» አለች። የሳሎኑ ጠረጴዛ ተነሥቷል፤ ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ምድጃው ላይ በትልቅ ድስት ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ይንተከተካል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ያን ያህል ሻይ አታፈላም። ጋሼ መኮንንም አዩት። ቢሆንም ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊሉ የመጡትን አሉ። እሷ እስኪጨርሱ ጠብቃ ነው የጮኸችው። ሴቶቹ ደገፏት።

ረፋዱ ላይ ሻይ ስቀዳ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ...»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልደወልሽልን?»

«እንዳትሰማ አደራ ይል የለ እንዴ? እናንተን ጠበቅኋ፤ ምን ላድርግ» አለችኝና ብርጭቆዎቹን አነሣች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ለወንድሜ ልጅ ማክም ሊነክስም ላይ የሚሠራውን አጻጻፍ አሳየኋት። «የታረመውን በአዲስ ፋይል ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ በአሮጌው ቦታ ታስቀምጪዋለሽ» አልኳት። ደስ ብሏት ላፕቶፗን ዘጋች። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። ያ ሁሉ ጥንቃቄያችን ሰው መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ ነበር። እትዬ የሺ ለእኛ ስትል እንባዋን ይዛ ያደረችው ብቻዋን ነው። ለዚያች ሌሊት ያን ጊዜ ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም።